«አሁንም እየተመለከቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ የማንን ጥቅል ይጠብቃል?

በስማርት ቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ቪዲዮ በተከታታይ የሚመለከት ሰው አንድ ቀን ሳይገጥመው የማይቀር ነገር አለ። ፊልሙ፣ መዝሙሩ ወይም የዶሮ እርባታ ትምህርቱ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ በስክሪኑ ላይም «አሁንም እየተመለከቱ ነው?» ወይም «ቪዲዮው ቆሟል፤ ይቀጥል?» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ኔትወርክ የጠፋ፣ ጥቅል ያለቀ ወይም መሣሪያው የተበላሸ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅሎ መልሶ የሚሰካ አለ፤ ወደ ጠጋኝ የሚወስድም አይጠፋም።

መሣሪያው ግን ጤነኛ ነው። ጥያቄው ሆን ተብሎ የተሠራ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ማንም በማይመለከተው ስክሪን ላይ ኢንተርኔት እንዳይፈስስ ያደርጋል። ከዚህ አንጻር ለተጠቃሚው የሚጠቅም ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚቀርብበት ሰዓት ጥቅልን በጊጋ ባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። በጥያቄው ተማምኖ ስልኩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው፣ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት የሳምንት ጥቅሉን ሊጨርስ የሚችልበት መንገድ አለ። መንገዱን ለማየት በቅድሚያ የአሠራሩን ሥር መረዳት ያስፈልጋል።

ዝናብና ቦይ

ራዲዮና በዲሽ የሚመጣው የሳተላይት ቴሌቪዥን ሥርጭት በዝናብ ይመሰላሉ። ዝናብ በታረሰውም ባልታረሰውም መሬት ላይ እኩል ይወርዳል፤ አንድ ማሳ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ደመናው የሚያወርደው ውኃ አይለወጥም። በአንድ መንደር አንድ ሪሲቨር ቢከፈት ወይም በሀገሪቱ መቶ ሺህ ሪሲቨር ቢከፈት ከሳተላይቱ የሚወርደው ሞገድ ያው ነው። ባለቤቱ ተኝቶ ቴሌቪዥኑ ሲናገር ቢያድር የሚባክነው የቤቱ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ጣቢያው ማን እንደሚመለከትና ማን እንደተኛ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

በኢንተርኔት የሚመጣ ቪዲዮ ግን በመስኖ ቦይ ይመሰላል። ቪዲዮው በኩባንያው ማከማቻ ውስጥ የጥቂት ሰከንዶች ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ አንዱን ቁራጭ እያሳየ ቀጣዩን «ላክልኝ» እያለ ይጠይቃል። የተላከው ቁራጭ ለዚያ ስልክ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ያንኑ ቪዲዮ በዚያው ደቂቃ ቢከፍት ለእርሱ ሌላ ቅጂ ይላካል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከተጠቃሚው ጥቅል ላይ ይቀነሳል፣ ከኩባንያውም ወጪ ያስወጣል፣ በአካባቢው ያለውንም የኔትወርክ ምሰሶ አቅም ይሻማል።

በመስኖ አካባቢ የሚኖር አርሶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃ ተራ አለው፤ ተራውን የሚያስከብር የውኃ አባት አለ። ማሳው ከጠገበ በኋላ ቦዩን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ የገባ ሰው የራሱን ሰብል ያበሰብሳል፣ የታችኛውን ጎረቤትም ያስጠማል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጥያቄ የውኃ አባቱን ሥራ ይሠራል። በማሳው ላይ ሰው መኖሩን ተጣርቶ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ቦዩን ይዘጋል።

የኔትወርክ አቅም የጋራ ሀብት መሆኑ በግልጽ የታየው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አውሮፓውያን በየቤታቸው ሲዘጉ መስመሩ እንዳይጨናነቅ የአውሮፓ ኅብረት የቪዲዮ ኩባንያዎችን የምስል ጥራት እንዲቀንሱ ጠየቀ። ኔትፍሊክስ በአውሮፓ የሚልከውን የቪዲዮ መጠን ለ30 ቀናት ለመቀነስ ተስማማ፤ ዩቲዩብም ቪዲዮዎቹ በመደበኛ ጥራት እንዲከፈቱ አደረገ። የሠለጠነና ሰፊ መስመር ያላቸው ሀገሮች እንኳ ቦዩ ወሰን እንዳለው ያኔ ተገነዘቡ።

ጥያቄው ከየት መጣ?

የጥያቄው ታሪክ «ቀጣዩን በራሱ አጫውት» ከሚለው አሠራር ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ አሠራር በተጠቃሚዎች ዘንድ አውቶፕሌይ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ቀደም ሲል አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ ስክሪኑ ባዶ ይሆን ነበር፤ ሌላ ለማየት የፈለገ ሰው ራሱ መርጦ መክፈት ነበረበት። ሰው ከተኛ ቪዲዮውም አብሮት ያልቃል።

ሥራውን የፊልም ዲቪዲዎችን በፖስታ በማከራየት የጀመረው የአሜሪካው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የተከታታይ ፊልም አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በራሱ የሚጀምርበትን አሠራር አመጣ። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳዩን አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚተኛ ሰው እንጂ የሚያልቅ ቪዲዮ ጠፋ።

አሠራሩ ተመልካችን ረጅም ጊዜ ያቆያል፤ ኩባንያዎቹም ይህን ይፈልጉታል። የኔትፍሊክስ መሥራች ሪድ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያቸው ከእንቅልፍ ጋር እንደሚፎካከር መናገራቸው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ነገር ግን ለተኛ ሰው ቪዲዮ መላክ ለማንም አይጠቅምም። ኩባንያው ለመስመር ይከፍላል፣ ማስታወቂያ ያስነገረው ድርጅት የሚያየው ሰው አያገኝም፣ ተመልካቹም ሲነቃ ሁለተኛው ክፍል ላይ የተወው ፊልም ሰባተኛው ላይ ደርሶ ያገኘዋል። ስለዚህ በሩን ያለማቋረጥ የሚከፍተው ሥርዓት፣ በመሐል ቆም ብሎ «ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ እንዲያቀርብ ተደረገ።

በኔትፍሊክስ ተመልካቹ ምንም ሳይነካ ሦስት ክፍሎችን በተከታታይ ካየ ወይም ለ90 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ከተመለከተ ጥያቄው ይመጣል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታየው ዩቲዩብ ሁለት የተለያዩ ገደቦች አሉት። ስልኩ በሞባይል ዳታ ከተገናኘ ተጠቃሚው ለ30 ደቂቃ ምንም ካልነካ ቀጣይ ቪዲዮ ማስከተሉን ያቆማል። በዋይፋይ ከተገናኘ ግን የሚያቆመው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው።

መሣሪያው ማን እንደተኛ በምን ያውቃል?

ስክሪኑ ተመልካቹን በካሜራ እያየ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አሠራሩ ግን እጅግ ቀላል ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው ለመጨረሻ ጊዜ ቁልፍ ከተነካ በኋላ ያለፈውን ደቂቃ ብቻ ነው። ሰውየው ዐይኑን ሳይነቅል ቢመለከትም እጁ ሪሞቱን ካልነካ፣ ለመሣሪያው እንደተኛ ይቆጠራል።

ከዚህ የተነሳ ሁለት ግር የሚያሰኙ ነገሮች ይፈጠራሉ። የመጀመሪያው የድምፅ ቁልፍን ይመለከታል። ቪዲዮው የሚመጣው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከተሰካ ትንሽ ሣጥን ከሆነ፣ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፅ መጨመርና መቀነስ ለሣጥኑ ላይደርሰው ይችላል። ተመልካቹ «አሁን ነክቼዋለሁ» ቢልም ሣጥኑ አልሰማም።

ሁለተኛው ግን ገንዘብ ያስወጣል። ቴሌቪዥኑን በራሱ ሪሞት ያጠፋ ሰው ሁሉም ነገር የጠፋ ይመስለዋል። ሣጥኑ ግን ለብቻው ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ከሆነ በጨለማው ስክሪን ላይ ቪዲዮ መጫወቱን ሊቀጥል ይችላል። ሮኩ የተባለው በውጭ ሀገራት የታወቀ ሣጥን ለ4 ሰዓት ቁልፍ ካልተነካበት ጥያቄ አቅርቦ የሚያቆም «መስመር ቆጣቢ» የተሰኘ ማስተካከያ የተበጀለት ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ነው። አስተማማኙ መንገድ ግን ቪዲዮውን አቁሞ ወይም ከመተግበሪያው ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ነው።

የሆትስፖቱ ወጥመድ

በዩቲዩብ ደንብ ውስጥ በ30 ደቂቃና በ4 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም አለው። ደንቡ የሞባይል ዳታ ተቆጥሮ የሚከፈልበት፣ ዋይፋይ ደግሞ በቤት ውስጥ የተዘረጋና በወር የሚከፈል መስመር እንደሆነ አድርጎ የሚያስብ ይመስላል። እንዲህ ያለ መስመር ላለው ቤት 4 ሰዓት ብዙ አይደለም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ብዙ ቤተሰብ ስማርት ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው በስልክ ሆትስፖት ነው። ስልኩ የሞባይል ዳታውን ተቀብሎ ለቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ያካፍላል። ቴሌቪዥኑ የሚያየው ዋይፋይን ብቻ ነው፤ ከዋይፋዩ ጀርባ በጊጋ ባይት የተገዛ ጥቅል መኖሩን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ የ30 ደቂቃው ጥበቃ ይቀርና የ4 ሰዓቱ ይሠራል። ለሰፊ መስመር የተለካው መዝጊያ በጠባብ ቦይ ላይ ተገጠመ ማለት ነው።

ጉዳቱን በስሌት ማየት ይቻላል። ኔትፍሊክስ በሚያሳውቀው መጠን መሠረት አንድ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት እስከ 0.3 ጊጋ ባይት፣ በመካከለኛ ጥራት እስከ 0.7 ጊጋ ባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋ ባይት ይወስዳል። እጅግ ከፍተኛ በሆነው ጥራት በሰዓት እስከ 7 ጊጋ ባይት ይደርሳል። የሌሎች አገልግሎቶች መጠን ትክክል አንድ ባይሆንም ልዩነቱን ለመረዳት ይህ ይበቃል።

በመካከለኛ ጥራት በሞባይል ዳታ እየተመለከተ እንቅልፍ የጣለው ሰው፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ቢቆምለት ያባከነው 0.35 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። በሆትስፖት የተገናኘ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢቀጥል በዚያው ጥራት 2.8 ጊጋ ባይት ይሄዳል። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ስለሆነ ከፍተኛውን ጥራት ከመረጠ ደግሞ 12 ጊጋ ባይት ሊደርስ ይችላል። ምንም ጥያቄ የማያቀርብ መተግበሪያ ሆኖ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢያድር፣ በመካከለኛ ጥራት 5.6፣ በከፍተኛ ጥራት 24 ጊጋ ባይት ማለት ነው። በተግባር ብዙ ቤት ይህን ያህል ጥቅል ስለማይገዛ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ጥቅሉ በእኩለ ሌሊት ያልቃል። እንደ አገልግሎቱ ዓይነትም ከዋናው ሒሳብ መቆረጡ ሊቀጥል ይችላል።

ለአርሶ አደሩ ኪሳራው ከካርድ ዋጋ ይሻገራል። ያው ስልክ የእህል ዋጋ የሚጠየቅበት፣ ከነጋዴ ጋር የሚነጋገሩበት፣ ገንዘብ የሚላክበትና የሚቀበሉበት ነው። በፀሐይ ኃይል ወይም በጎረቤት ቤት ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ሌሊቱን በቪዲዮ ካለቀ፣ በገበያ ቀን ማለዳ ስልኩ ዝም ይላል። ጥቅሉም ባትሪውም የሥራ መሣሪያ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። የዩቲዩብ ገደብ የሚመለከተው ቀጣይ ቪዲዮ ማስከተልን ነው። ሦስትና አራት ሰዓት የሚረዝም ነጠላ ስብከት ወይም ፊልም ከፍቶ የተኛ ሰው፣ ገደቡ ቪዲዮውን በመሐል ያቋርጥልኛል ብሎ መተማመን የለበትም።

ሦስት የሚመሳሰሉ መልእክቶች

በቴሌቪዥን ላይ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከቪዲዮው አገልግሎት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የኤሌክትሪክ ቁጠባ ደንብ፣ በገበያው የሚሸጥ ቴሌቪዥን ሁሉ ለ4 ሰዓት ቁልፍ ካልተነካ አስቀድሞ መልእክት አሳይቶ በራሱ እንዲጠፋ አስገድዷል። አምራቾች ለተለያዩ ገበያዎች ተመሳሳይ ሥሪት ስለሚጠቀሙ፣ በሌሎች አህጉራት የሚሸጡ ቴሌቪዥኖችም ይህ ማስተካከያ ሊኖራቸው ይችላል። በዲሽ ሪሲቨሮች ላይም አንዳንድ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ይገኛል።

ልዩነቱን ማወቅ ከአላስፈላጊ የጥገና ወጪ ያድናል። ምስሉ ቆሞ «ይቀጥል?» የሚል ቁልፍ ከመጣ ጥያቄው የቪዲዮው አገልግሎት ነው፤ በሪሞት «ኦኬ» መጫን ይበቃል። «ቴሌቪዥኑ ሊጠፋ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ የኤሌክትሪክ ቁጠባ ነው፤ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። በስክሪኑ መሐል ክብ ምልክት እየዞረ ከቀጠለ ደግሞ መስመሩ ደክሟል ወይም ጥቅሉ አልቋል፤ ቀሪ ሒሳብን ማየት ይገባል።

ቅሬታውም ምክንያት አለው

ጥያቄው የሚያስቸግራቸው ሰዎች መኖራቸው አይካድም። እጇ በሊጥ የተያዘ እናት እንጀራ እየጋገረች ትምህርት ስትከታተል ስክሪኑ ቢቆምባት፣ እጇን ታጥባ መሄድ ይኖርባታል። ከአልጋ የማይነሱ አዛውንት ጸሎት ወይም መዝሙር እያዳመጡ ሲቋረጥባቸው፣ ቁልፍ የሚጫንላቸው ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ የሚያስደምጥ ፀጉር ቤት ወይም ካፌ በየጊዜው ዝምታ ይገጥመዋል። ለእነዚህ ሰዎች መሣሪያው የማይነካን እጅ ከማይሰማ ጆሮ ጋር ያምታታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ የሙሉ ቀን ማዳመጥ ተስማሚው መሣሪያ ራዲዮ ወይም የዲሽ ሥርጭት ነው። ጥቅል አይቆጥርም፣ በየግማሽ ሰዓቱም መልስ አይጠይቅም። በኢንተርኔት መሆን ካለበት፣ በሥራ መሐል እግረ መንገድ አንድ ቁልፍ መጫን ቆጠራውን እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል። ተደጋግሞ የሚደመጥ መዝሙር ወይም ትምህርት ደግሞ መተግበሪያው በሕጋዊ መንገድ ማስቀመጥን ከፈቀደ፣ አንድ ጊዜ አውርዶ በስልክ ላይ መያዝ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። የተቀመጠ ቪዲዮ በሰማንያኛው ጊዜም ጥቅል አይነካም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አንደኛ፣ አውቶፕሌይን ማጥፋት። በዩቲዩብ ቪዲዮው በሚጫወትበት ስክሪን የላይኛው ክፍል ላይ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ትገኛለች፤ በሴቲንግ ውስጥም አለች። ከጠፋች አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላ አይከተልም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች አውቶፕሌይን ከመነሻው አጥፍቶ ያቀርባል። በወላጅ ስልክ ለሚመለከቱ ልጆች ግን ይህ አይሠራም፤ ስልኩ የሚያውቀው የወላጅን ዕድሜ ነው። ስለዚህ ማጥፋቱ የወላጅ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የእንቅልፍ ሰዓት መሙላት። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ከ30 ደቂቃ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲጠፉ የሚያደርግ «ስሊፕ ታይመር» አላቸው። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ማስተካከያ ለሁሉም ተጠቃሚዎች ከፍቷል። በሆትስፖት ለሚጠቀም ቤት የጠፋውን የ30 ደቂቃ ጥበቃ የሚተካው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የምስል ጥራትን መወሰን። ጥራቱ 144፣ 240፣ 360፣ 480፣ 720 እና 1080 እየተባለ በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጥቅሉ ቶሎ ያልቃል። በእጅ ስልክ ትንሽ ስክሪን ላይ ስለ ኮምፖስት ዝግጅት ወይም ስለ ችግኝ አተካከል የሚያስረዳ ቪዲዮ በ360 በግልጽ ይታያል። ድምፁ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ 144 ይበቃል።

አራተኛ፣ በስልኩ ላይ የዳታ ገደብ ማበጀት። በአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ስለ ዳታ አጠቃቀም በሚናገረው ክፍል፣ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ወይም ዳታው እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ይህ ገደብ የትኛውም መተግበሪያ ቢረሳ የሚሠራ የመጨረሻ መዝጊያ ነው።

አምስተኛ፣ ከመተኛት በፊት ሆትስፖቱን መዝጋት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ቢሆን ከጀርባው ያለው ሣጥን፣ ወይም የቤተሰቡ ሌላ ስልክ፣ ክፍት ከቀረ ሆትስፖት ሌሊቱን ሊጠጣ ይችላል።

ከእነዚህ መካከል የትኛው ለቤቱ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። ማታ ከመተኛት በፊት ቀሪውን ጥቅል አይቶ ቁጥሩን መጻፍ፣ ጠዋት ማንም ስልክ ሳይነካ እንደገና ማየት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሜጋ ባይት ከሆነ ቦዩ ተዘግቷል። በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ባይት ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ ከተገኘ፣ ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ መሣሪያ በቤቱ ውስጥ አለና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው ሣጥን ጀምሮ መፈተሽ ይገባል።